እንቁላሉን ተዉት፣ ማንኪያውን አምጡ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ እንቁላልና ስለ ማዮኔዝ ናቸው። ተነጋግራችሁ የጻፋችሁ ነው የሚመስለው። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፦ አሥራ አንድ ዓመት በአዲስ አበባ ሆቴሎች ምግብ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣና ሳንዱች የሚዘጋጅበት ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ። በኋላ ሥነ ምግብ ተማርኩና አሁን ሥራዬ ሰው ስለሚበላው ነገር ማማከር ነው። ስለዚህ ማዮኔዝን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በክንዴም አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የነርስ ረዳት ሆኜ በሳምንት አምስት ሌሊት እሠራለሁ። ምሳዬን ከቤት ነው የምይዘው (ለእኔ ምሳ ማለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው)። ሁለት እንቁላል ቀቅዬ፣ ከትፌ፣ በአንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ለውሼ በዳቦ እበላለሁ። ባለፈው ወር ደሜ ሲታይ ኮሌስትሮልሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። አንዷ ጓደኛዬ «እንቁላሉን ተይው» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «እንቁላሉ ምንም አይልም፣ መርዙ ማዮኔዙ ነው» ትላለች። በስድስት ወር ውስጥ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ። የቱን ልተው?
የሌሊቷ

መልስ፦ የሌሊቷ እህቴ፣ እኔ ብሆን አንዱንም አልተውም። ግን «አንድ ማንኪያ» ስትዪ የትኛውን ማንኪያ ነው?

ይህን የምጠይቅሽ ራሴ ስለተያዝኩበት ነው። ለስንቱ ሰው «አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ 14 ግራም ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። አንድ ቅዳሜ ቤቴ ሳንዱች ስሠራ የወጥ ቤት ሚዛኑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳህኑን አስቀመጥኩና ዜሮ አደረግኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ በምግብ ማንኪያ ዛቅ አድርጌ ጨመርኩ። ማዮኔዝ እንደ ዘይት አይፈስም፣ ይቆለላል። ማንኪያው ላይ እንደ ጉብታ ቆሞ ነበር። ሚዛኑን ሳየው 41 ይላል። እኔ አንድ ያልኩት ሦስት ማንኪያ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ «የምትመክራቸውም ሰዎች እንዲህ ነው የሚለኩት?» አለችኝ። ምን ይመለሳል?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ትልቅ ቅቅል እንቁላል ወደ 78 ካሎሪ አለው፤ ሁለቱ 156። ሁለት ቁራጭ ዳቦ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም 150 እንበለው። ማዮኔዙ በትክክል 14 ግራም ከሆነ 95 ያህል ነው። ድምሩ 400 አካባቢ መጣ። ይሄ ለምሳ ምንም አይወጣለትም። ማንኪያው እንደ እኔው ከሆነ ግን ማዮኔዙ ብቻውን 280 ካሎሪ ይሆናል። ከሁለቱ እንቁላል ድምር ይበልጣል ማለት ነው። የእንቁላል ሳንዱች የበላሽ መስሎሽ በእንቁላል የተቀባ ዘይት ትበያለሽ። በአንድ ሳንዱች ያለው ልዩነት 185 ካሎሪ ነው። በሳምንት አምስት ሌሊት ሲባዛ ከ900 ያልፋል። አራቱን ኪሎ በሙሉ በማንኪያሽ አላሳብብም፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው እንቅልፉም አበላሉም እንደሚዛባ አውቃለሁ። ቢሆንም ምርመራውን ከማንኪያው ብትጀምሪ አትከስሪም።

እንቁላሉ ግን በነገር መሀል ገብቶ ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው። አንዱ ትልቅ እንቁላል ከ6 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይሰጥሻል፤ ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት ዓይነት። አስኳሉ ውስጥ ቢ 12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ሴሊኒየምና ኮሊን አለ። ኮሊን ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አይሰማም። ለጉበትና ለአንጎል ሥራ ያስፈልጋል፤ ለአንዲት አዋቂ ሴት በቀን 425 ሚሊ ግራም ይመከራል። አንድ እንቁላል ወደ 147 ይይዛል። አስኳሉን አውጥተው ጥለው ነጩን ብቻ የሚበሉ የጂም ሰዎች ይህን ሁሉ ነው ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩት።

አዎ፣ አስኳሉ ኮሌስትሮልም አለው። በአንድ እንቁላል 186 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ድሮ «በቀን ከ300 አትለፉ» ይባል ነበር። የ2015–2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ያንን ቁጥር አንስቶታል። ምክንያቱ ለብዙ ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚገፋው ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ መሆኑ ነው፤ እንደ ቅቤ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ጤነኛ ሰው በቀን አንድ ሙሉ እንቁላል ቢበላ ችግር የለውም አለ። ስኳር ላለበትና ክፉው ኮሌስትሮል (ኤል ዲ ኤል) ከፍ ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄ አክሎበታል። አንቺ አሁን እዚያ መሀል ነሽ። ስለዚህ ቀጣዩ ምርመራሽ እስኪደርስ አንድ ሙሉ እንቁላልና የሁለት እንቁላል ነጭ አድርጊው። ፕሮቲኑ 13 ግራም ይደርሳል፤ እንዲያውም ከሁለቱ ሙሉ እንቁላል በትንሹ ይበልጣል። ለሐኪምሽም ምን እንደምትበዪ በግልጽ ንገሪው፤ «ጤናማ ነው የምበላው» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትቀየሚኝ ልበል። 14 ግራም ማዮኔዝ ውስጥ ያለው ሳቹሬትድ ስብ 1.5 ግራም ገደማ ነው። ሁለት እንቁላል ውስጥ ከ3 ትንሽ ይበልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ግን 7 አለ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላውን ዶሮ ወጥ በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ ማዮኔዙ ልመለስ፤ ጓደኛሽ «መርዝ» ስላለችው ነገር። ወጣት ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን መምታት ነበር። ሃያ አስኳል በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን። ሰናፍጭ፣ ጨው፣ ትንሽ አቼቶ። ከዚያ ዘይቱ። በመጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ፣ ክንድ እስኪዝል እየመቱ። ከቸኮልሽ ዘይቱ ተለያይቶ እንደ ተበላሸ ወጥ ይንሳፈፋል፤ ሼፉም ከወዲያ ማዶ «ቀስ!» ብሎ ይጮኻል። በቀስታ ከሄድሽ አስኳሉ ዘይቱን እየያዘ እየያዘ ይወፍራል። ሃያው አስኳል አራት ሊትር ዘይት ይጠጣ ነበር። አራት ሊትር! መጀመሪያ ቀን ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ተሳስቼ መስሎኝ ደንግጫለሁ።

ያ ነገር ነው ማዮኔዝ ማለት። መርዝ የለበትም፤ ዘይት ነው፣ ለብሶ የመጣ ዘይት። አንቺ ባለሽበት አገር ሕጉ ራሱ ማዮኔዝ ለመባል ከክብደቱ ቢያንስ 65 በመቶ የአትክልት ዘይት እንዲሆን ያስገድዳል። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ የአኩሪ አተር ነው፤ አብዛኛው ስቡም የማይረጋው ዓይነት ነው። እንዲያውም አብሮ ያለውን የአትክልት ቀለም፣ ለምሳሌ የቲማቲሙንና የቅጠሉን፣ ሰውነት እንዲወስደው ስብ ያግዛል። ችግሩ ብዛቱ ላይ ብቻ ነው። ከማዮኔዝ ፕሮቲን አትጠብቂ፤ የለውም ማለት ይቻላል።

«ላይት» የተባለውስ? በማንኪያ 35 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይቀንሳል፣ አልዋሽም። የጎደለውን ዘይት የሚተካው ውሃና ስታርች ነው፤ አንዳንዱም ስኳር ይጨመርበታል። ጨዉ አይቀንስም። ጣዕሙን ከወደድሽው ውሰጂው፤ እኔ አልወደውም። ፊቱ ላይ ትልቅ የወይራ ሥዕል ያለበትን ስታዪ ደግሞ ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። ከወይራው በፊት ሌላ ዘይት ተጽፎ የምታገኚበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእኔን አሠራር ልስጥሽ። እንቁላሉን ሁሉን በአንድ ላይ አትክተፊ። አስኳሉን ለይተሽ አውጪና በሹካ ከአንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ጋር ፍጪው፤ ልሙጥ ማለት በቢላ ጀርባ የተጠረገ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ያልጣፈጠ እርጎ ጨምሪ፤ እዚያ «ግሪክ» የሚሉት ይሆናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፤ የእኛው ካለሽ የእኛው፣ አፍንጫ የሚያቃጥለው። ቁንዶ በርበሬ። ይሄ ሶስ ሆነልሽ። ነጩን ለብቻው በትልልቁ ከትፈሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪውና በቀስታ አገላብጪ። አስኳሉ ራሱ ክሬም ስለሚሆንልሽ ማዮኔዙ ማነሱ አይታወቅሽም። ሆቴል ቤት ወጪ ለመቀነስ የተማርነው ዘዴ ነው፤ ለጤና ብሎ ያሰበው አልነበረም።

ሌላው የዚህ ሰላጣ ጉድለት ሰው የማያየው ነው። እንቁላል ፋይበር የለውም፤ ቫይታሚን ሲም የለውም። ማዮኔዝም እንደዚያው። በነጭ ዳቦ ስትበዪው ጉድለቱ ባለበት ይቀጥላል። ስለዚህ ዳቦው ያልተፈተገ ስንዴ ይሁን። ሰላጣው ውስጥ ቃሪያ ክተፊበት፤ ቃሪያ የቫይታሚን ሲ ሀብታም ነው። ሌሊት ከታካሚ ጋር ስለምታድሪ ነጭ ሽንኩርት ባትጨምሪበት ይሻላል።

ቤት መሥራት ሲያቅትሽ ከጋዝ ስቴሽን የምትገዢው ተዘጋጅቶ የታሸገ ካለ፣ ካሎሪውን ከማየትሽ በፊት ዕቃው ስንት ሰው ይመግባል እንደሚል እዪ። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የግማሹ ነው። ሰው ደግሞ ግማሽ ሳንዱች በልቶ ግማሹን አይመልስም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ድንች በማዮኔዝ ይበላል። «ዘይት ነው እንጂ ምን አለበት፣ ጾም ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጠረጠርኩ። ማን ነው ልክ?
ከኮልፌ

መልስ፦ እርስዎ ነዎት ልክ። ከላይ የጻፍኩትን ያሳዩት፤ ሃያ አስኳል። ማዮኔዝ ያለ እንቁላል አይያያዝም። ማሸጊያው ላይ «ያለ እንቁላል» ወይም «ቪጋን» ተብሎ ከተጻፈ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ያም ቢሆን ያው ዘይት ስለሆነ ካሎሪው ከተራው ብዙም አይርቅም። ለጾም የሚያጠግብ ነገር ከፈለገ የተቀቀለ ሽምብራ ይድፈጥጡለት፤ በሎሚ፣ በሰናፍጭና በትንሽ ዘይት። መቶ ግራም ሽምብራ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ፋይበሩም እንቁላል የሌለው ነገር ነው። እስካሁን የበላውን በተመለከተ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ ትንሽ የቁርስና የምሳ ቤት ከፍቻለሁ። የእንቁላል ሰላጣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሠርቼ እስከ ሰባት ሰዓት መስታወቱ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። መስታወቱ ቀዝቃዛ አይደለም። አንድ ደንበኛ «ማዮኔዝ ያለበት ቶሎ ይበላሻል» ብሎኝ ማዮኔዙን በቤቴ በሠራሁት ልተካው አስቤያለሁ። ይሻላል?
ባለ ሱቁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት። ነገሩ ተገልብጦ ነው የተነገርዎት። የፋብሪካው ማዮኔዝ አሲድ ስላለው ለጀርም አይመችም፣ እንቁላሉም ፓስቸራይዝድ የተደረገ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ ነው። ቤት የሚሠራው ጥሬ አስኳል ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ጀርም የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ሰላጣዎ ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው የተቀቀለውና እጅ የነካካው እንቁላል ነው።

አምስት ሰዓት ያለ ቅዝቃዜ ደግሞ በጣም ብዙ ነው። ደንቡ ሁለት ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ፣ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ይህን ያውቅበታል፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። እዚያ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ይድፉት፤ ያማል፣ አውቃለሁ።

እኔም ደፍቻለሁ። አንድ ጊዜ ለትልቅ ግብዣ እንቁላሉን ከነትኩሱ ልጬ ከማዮኔዝ ጋር ለወስኩት። ሙቀቱ ማዮኔዙን ፈታውና ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ። እኔም በጥልቅ ባልዲ አድርጌ ፍሪጅ ከተትኩት፤ ይቀዘቅዛል ብዬ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሼፉ መጥቶ ክንዱን እስከ ክርኑ መሀሉ ውስጥ ሰደደ። «ለብ ብሏል» አለ። ስምንት ኪሎ ነበር። እኔው ተሸክሜ ወስጄ ደፋሁት። እርስዎ እንቁላሉን በደንብ አቀዝቅዘው ይለውሱ፣ በጠፍጣፋ ዕቃ ሳሳ አድርገው ያስቀምጡ። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ የሰዓት ያህሉን ብቻ ያውጡ፤ የቀረው ፍሪጅ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ለብቻዬ ነው የምኖረው። እናቴ እንቁላል ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነበር የምትቀቅለው፣ አስኳሉም ቢጫ ነበር። እኔ በእሷው ደቂቃ ስቀቅል አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይሆንብኛል፣ ይሸታልም። እንቁላሉ የተበላሸ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ልጄ፣ በዝቶበት ነው። እናትህ አዲስ አበባ ከሆነች የምትቀቅለው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ሆና ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። አንተ ዘንድ መቶ ይሆናል። ስለዚህ የእሷ አሥራ አምስት ደቂቃ አንተ ጋ ከመጠን ያለፈ ነው። ሲበዛበት ከነጩ የሚወጣው ድኝ አስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ይገናኝና ያ አረንጓዴ ቀለበት ይመጣል። ሽታውም ከዚያው ከድኙ ነው። አይጎዳህም፣ ግን ሰላጣውን ግራጫ ያስመስለዋል።

ውሃው ከፈላ በኋላ እንቁላሉን በማንኪያ አስገባ፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ደቂቃ ቁጠር፣ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተተው። ገና ትኩስ የተገዛ እንቁላል ልጣጩ ከነጩ ጋር ተጣብቆ ያስለቅስሃል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት የቆየውን ቀቅል። እናትህ ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ደቂቃዋን እንዳትነካባት።